ፍሪሲዮን ነው!

ሐዋሳ ውስጥ ሞተር ሳይክል አቁሞ ጎንበስ ማለት ስብሰባ መጥራት ነው። አጀንዳ ሳይያዝ፣ ጥሪ ሳይደረግ ምልዓተ ጉባኤው ይሟላል። ሊስትሮው ብሩሹን እንደያዘ ይመጣል። ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪውን እንደጫነ ቆሞ አንገቱን ያወጣል። ሎተሪ አዟሪው «ዕጣው ነገ ነው!» ማለቱን ለጊዜው ትቶ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ያዘነብላል። ሁሉም ለጥቂት ሰከንድ በጥሞና ያዳምጡና ውሳኔ ያሳልፋሉ፦ «ፍሪሲዮን ነው!»

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነው። ተቃውሞ የለ፣ ድምፀ ተአቅቦ የለ። ሞተሩ አልነሳ ካለ ፍሪሲዮን ነው፤ ከተነሳና ከተንተባተበ ፍሪሲዮን ነው፤ ነዳጅ ጨርሶ መንገድ ዳር በቆመ ሞተር ላይ ሳይቀር ይኸው ፍርድ ሲሰጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለምን ፍሪሲዮን ብቻ ተለይቶ እንደሚከሰስ ሳስበው የደረስኩበት ምክንያት አንድ ነው። ፒስተንን በእጁ የነካው ሰው ጥቂት ነው፤ ካምቢዮም ተዘግቶ የሚኖር ነገር ነው። ፍሪሲዮን ግን ግራ እጃችን ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንጨብጠዋለን፣ እንለቀዋለን። ሰውም ሆነ ዕቃ ቅርብ ከሆነ መታማቱ አይቀርም።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ። የሞተሬን ፋብሪካ ስም አልጠራም፤ እህቶቿ በከተማው ሞልተዋልና በአንዷ ሕመም ቤተሰቡ ሁሉ እንዲወራበት አልፈልግም። ሕመሟ ድምፅ ነው። ጠዋት አስነስቻት፣ ማርሽ ሳላስገባ ቆማ ስትጠብቀኝ ከሆዷ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭቅጭ የሚል ነገር ይመጣል። ቅጭታው ምት የለውም፤ አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይዘገያል። ነዳጅ ሰጥቻት ስሄድ ይጠፋል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ሲያስቆመኝ ደግሞ፣ ሰው በበዛበት፣ ጆሮ በሞላበት ቦታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመለሳል።

አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ከተማዋ ሞተር ሳይክል ስታግድ የራሱን ሸጦ አርፏል። የሸጠው ግን ሞተሩን ነው፤ ምክሩን አስቀርቶታል። «ድምፁን ቅዳና በቴሌግራም ላክልኝ» አለኝ። ላክሁለት። ጎረቤቴ ዶሮ ታረባለች፤ ቅጂው ውስጥ አንድ አውራ ዶሮ በመሀል ገብቷል። ወንድሜ አውራ ዶሮውን በትዕግሥት አልፎ ምርመራውን ጨረሰና ጻፈልኝ፦ «ፍሪሲዮን ነው። ሸራው አልቋል። ቀይረው።»

ያንኑ ቅጂ ጣሊያን አገር ቦሎኛ ለሚኖር የአክስቴ ልጅ ላክሁት። እሱ መልስ አልጻፈም፤ ሌላ ድምፅ ቀድቶ ላከልኝ። ሳዳምጠው የእኔዋ አፍራ ዝም ልትል ምንም አልቀራት። ዱካቲ ነው። ፋብሪካው ያለው እዚያው ቦሎኛ ነው። ዱካቲ ለብዙ ዓመታት ፍሪሲዮኑን ዘይት ውስጥ ሳይነክር፣ በደረቁ ነበር የሚሠራው። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣውና ስንት የሞተር ፍቅረኛ ያበደለት 916 የተባለው ሞዴልም ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው። ደረቅ ፍሪሲዮን እጀታው ሲጨበጥ ዝርግ ብረቶቹ ከጫና ነፃ ወጥተው እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ድምፁም መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ባለቤቶቹ ታዲያ ሊያስጠግኑት አይሄዱም። እንዲያውም ገንዘብ ከፍለው፣ ቀዳዳ ያለው ሽፋን ገዝተው፣ ጩኸቱ በደንብ ይውጣ ብለው ያስገጥማሉ። ፋብሪካው ኋላ ላይ አብዛኞቹን ሞዴሎች ዘይት ውስጥ አስገባቸውና ዝም አሉ። ይኼኔ «የድሮው ይሻል ነበር» ብሎ የተቆጨ አልጠፋም። እንደዚህ ያለው ሞተር ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ቢቆም ምልዓተ ጉባኤው እስከ ማታ አይበተንም።

የእኔዋ ግን ዘይት ውስጥ ያለች ናት፤ ስለዚህ መጮኽ አልተፈቀደላትም። በአገራችን የምናያቸው አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች እንዲህ ናቸው። በኢንጂኑ ቀኝ በኩል ካለው ክብ ሽፋን ሥር አንድ ቤት አለ። ቤቱ ዙሪያውን እንደ ጣት የቆሙ ክንፎች አሉት። ውስጡ ሸራ የለበሱ ዝርግ ክቦችና ሸራ የሌላቸው የብረት ክቦች ተፈራርቀው ተደርድረዋል። ሞላዎች አንድ ላይ ጠፍንገው ይጫኗቸዋል፤ በዚህ ጊዜ የኢንጂኑ ዙር ወደ ካምቢዮው ያልፋል። እጀታውን ስንጨብጥ የሞላው ጫና ይነሳል፣ ክቦቹ ይላቀቃሉ፣ ኢንጂኑ ለብቻው ይዞራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚህ ተነስተን የወንድሜን ምርመራ እንየው። ሸራ ሲያልቅ ምን ያደርጋል? አይጮኽም፤ ይንሸራተታል። ወደ ወንዶ ገነት ዳገት ስትወጡ ነዳጅ ትሰጣላችሁ፣ ኢንጂኑ ያገሳል፣ ሞተሩ ግን ባለበት ፍጥነት ይጎተታል፤ አህያ የጫነ ገበሬ አልፏችሁ ዞር ብሎ ያያችኋል። ያ ነው ያለቀ ሸራ። ትንሽ የመቃጠል ሽታም ይጨመርበታል። የእኔዋ ዳገት ስትወጣ ምንም አልጎደላት። ቢሆንም አንድ ጋራዥ (ስሙ ይቆየን) ድምፁን ገና ከበር ሲሰማ የሸራ ዋጋ ነገረኝ። ጎረምሳው መካኒክ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ነበር የተናገረው። እጁ ከኪሱ ሳይወጣ የእኔ እጅ ኪሴ ውስጥ እንዲገባ መፈለጉ አልጣመኝምና ተመለስኩ።

ቀጥሎ ያገኘኋቸው ሽማግሌ መካኒክ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቆርቆሮ ቤት የሚሠሩ ናቸው። ሞተር ከማየት ይልቅ ሞተር ሲያወራ መስማት ይወዳሉ።

«ጋሼ፣ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው፣ ሞተሩን ሳላጠፋ።

«ቆይ አንተ። እሷ ትናገር።»

ምንም ዕቃ አላነሱም። ግራ እጃቸውን ዘርግተው የፍሪሲዮኑን እጀታ ጨበጡት። ቅጭታው ቆመ። ለቀቁት፤ ተመለሰ። ጨበጡት፤ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲህ ግማሹ አለቀ።»

እውነታቸውን ነው። ድምፁ ስትጨብጡ ከመጣ፣ ስትለቁ ከጠፋ፣ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው ትንሽዬ ኩሽኔታ ነው፤ እሷ ሥራ የምትገባው እጀታው ሲጨበጥ ብቻ ነውና። እንደ እኔዋ ተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ማለትም ሲለቀቅ መጥቶ ሲጨበጥ ከጠፋ፣ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ ማርሽ ሳይገባ እጀታው ሲጨበጥ ዘንጉ መዞሩን ስለሚያቆም ኩሽኔታውም ዝም ይላል። ሁለተኛው የፍሪሲዮኑ ቤት ራሱ ነው። ቤቱ ከትልቁ ጥርስ ጋር የተያያዘባቸው፣ የኢንጂኑን ግፊት የሚያለዝቡ ሞላዎች ከጀርባው አሉ፤ እነሱ ሲላሉ ቤቱ ይወዛወዛል፣ ይንቀጫቀጫል። ሲጨበጥ ደግሞ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ያስይዘዋል። ኩሽኔታ ከሆነ ድምፁ ያጉረመርማል፤ ሳይቋረጥ ከዙሩ ጋር ይወጣል። ቤቱ ከሆነ ምት አጥቶ ይንቀጫቀጫል፣ ነዳጅ ሲጨመር ይጠፋል። አንድ እጀታ በመጨበጥና በመልቀቅ ብቻ ይህ ሁሉ ሲለይ፣ አደባባይ ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መፍረዱ ይገርመኛል።

ሽማግሌው ካቻቪቴ አነሱ። ሊፈቱ ነው ብዬ ስሰጋ ጫፉን ሽፋኑ ላይ አሳርፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ተከሉት። የሐኪም ማዳመጫ ለመግዛት ገንዘብ አጥተው አይደለም፤ ካቻቪቴው አይሰበርም። አንድ ሕፃን ልጅ «አባባ፣ ማነው የደወለው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ፍሪሲዮን ነው» አሉት፣ ሳይስቁ። ጫፉን ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ አዳመጡና ካምቢዮው ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እዚያ ሰላም ነው። ወደ ቀኙ ሽፋን ሲመለሱ ፊታቸውን አጨማደዱ።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ያለ አንዳች ወጪ ድምፁን በግማሽ ቀነሰው። ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን የዙር መጠበቂያ ብሎን ትንሽ አዞሯት፤ ኢንጂኑ ቆሞ የሚዞርበት ፍጥነት ከፍ አለ። «ማን ነው እንዲህ ያወረደብህ?» አሉኝ። ነዳጅ ይቆጥባል ያለኝ ሰው ነበር። ኢንጂን ከልክ በታች ሲዞር እያንዳንዱ ምቱ ተለያይቶ እንደ ዱላ ይመጣል፤ ጥርስ በጥርስ ላይ ይመታል፤ የላላ ነገር ካለ ሁሉ ይናገራል። ዙሩ ትንሽ ከፍ ሲል ግፊቱ ይያያዝና የላላው ይረጋጋል። ስንቱ ሰው ይቺን ብሎን ሳያይ ሽፋን አስፈትቷል!

የቀረው ግማሽ ግን መፈታት ነበረበት። በመጀመሪያ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ወጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሞተር ሲንቀጫቀጭ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ዝም የሚያሰኝ ወገን አለ። ዘዴው ይሠራል፤ ሞተሩ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ይላል፤ ብዙውን ጊዜ እስኪሸጥ ድረስ። ያገለገለ ሞተር ልትገዙ ስትሄዱ ከመጠን በላይ ጨዋ ሆኖ ካገኛችሁት የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ በጣታችሁ እሹት። ሌላው ወገን ደግሞ የመኪና ዘይት «ውድ ስለሆነ ጥሩ ነው» ብሎ ይሞላል። ለመኪና ከተሠሩት ዘይቶች ብዙዎቹ ሰበቃ የሚቀንስ ነገር ይጨመርባቸዋል። መኪና ውስጥ ፍሪሲዮኑ ዘይት ስለማይነካው ችግር የለም። የእኛ ሸራ ግን የሚኖረው እዚያው ዘይት ውስጥ ነው፤ ሰበቃ ሲነፈግ መንሸራተት ይጀምራል። ለዚህ ብለው ጃፓኖች መለኪያ አውጥተዋል፤ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን የሚስማማ ዘይት ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት አለው። እንግሊዝኛ ባታነቡም ምልክቷን በዓይን መለየት ይቻላል።

ሽማግሌው የሽፋኑን ብሎኖች ሲፈቱ ያደረጉትን ብታዩ ትወዷቸዋላችሁ። ከካርቶን ላይ የሽፋኑን ቅርፅ ቆርጠው፣ እያንዳንዱን ብሎን የወጣበት ቦታ ላይ ወጉት። ብሎኖቹ ቁመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ የአጭሩ ቦታ ከገባ ወይ ሳይጠብቅ ይቀራል፣ ወይ ውስጥ ያለ ነገር ይወጋል። በሌሎች ጋራዦች የተለመደው ብሎኖቹን በአንድ ጣሳ መጨመር ነው። ሥራው ሲያልቅ ጣሳው ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ይቀራሉ። «ይሄስ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ትርፍ ነው፤ ፋብሪካው አብዝቶት ነው» ትባላላችሁ። ፋብሪካ እንደ ጉልት ሻጭ ምራቂ የሚያደርግ ይመስላቸዋል።

ሽፋኑ ወርዶ፣ ክቦቹ በየተራ ወጥተው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተደረደሩ። ሸራው በመለኪያ ተለካ። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የእኔው ከዚያ የወረደው ለዓይን በማይታይ መጠን ነበር። የብረት ክቦቹ ደግሞ በመስታወት ላይ እየተጋደሙ ታዩ፤ የተጣመመ ካለ ጫፉ ከመስታወቱ ይነሳል። አንዱም አልተነሳም። ይህ ሁሉ ሲሆን ከበራፉ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ቅሬታ ተሰማቸው። በሕይወት ያለ ሸራ ሞቷል ብለው ነበርና።

ከዚያ ቤቱ ወጣ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት። ቅጭ! እውነት እላችኋለሁ፣ ያቺው ድምፅ፣ ያለ ኢንጂን፣ ያለ ነዳጅ፣ እጃቸው ላይ። ከጀርባው ያሉት ሞላዎች በጣት ሲነኩ ይዞራሉ፤ መያዣው ላልቷል። ጣት የሚመስሉት ክንፎች ላይም የክቦቹ ጫፍ እየመታ ቦይ ቦይ አውጥቶባቸዋል። ያን ጊዜ አንድ ሌላ ነገር ገባኝ፦ ሞተሬ ስትነሳ አንዳንዴ ትዘል የነበረው ለካ ክቦቹ እነዚያ ቦዮች ውስጥ እየተሰነቀሩ ኖሯል። ቦዩ ጥልቀት ከሌለው በሞረድ ደልደል ተደርጎ ይኖራል። የላላ ሞላ ግን በሞረድ አይጠብቅም። ቤቱ መቀየር አለበት።

ሐዋሳ ያሉት ሱቆች ሸራ እንጂ ቤት አልነበራቸውም። ወደ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ለሚሠራ ዕቃ ነጋዴ ተደወለ።

«ኦርጂናል አለህ?»

«አለኝ ጋሼ።»

«ኦርጂናል ነው?»

«ኦርጂናል ኮፒ ነው።»

«ከኮፒ ኮፒውስ በምን ይለያል?»

«እሱ ኮፒ ነዋ፣ ጋሼ! ይሄኛው ኦርጂናል ኮፒ ነው።»

ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ሽማግሌው ካርቶኑን ከፍተው ወዲያው አልገጠሙትም፤ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ጥርስ መቁጠር ጀመሩ። በዙሪያው ያለው ትልቅ ጥርስ ከኢንጂኑ ትንሽ ጥርስ ጋር የሚገናኝ ነውና በአንድ እንኳ ከተለየ ዕቃው ተመላሽ ነው። በቅሎ የሚገዛ ሰው እንኳ ይህን ያህል ጥርስ አያይም። ቁጥሩ ገጠመ። ውስጡ ዘይት ተቀባ፣ ገባ፣ ክቦቹ በነበሩበት ተራ ተመለሱ። አዲስ ሸራ የምታስገቡ ከሆነ ቀድማችሁ ዘይት ውስጥ ንከሩት፤ ደረቁን ከገባ ገና በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል።

የሞላዎቹ ብሎኖች በመስቀለኛ፣ ትንሽ በትንሽ ተጠበቁ። የአገራችን መካኒክ በሦስት ደረጃ ነው የሚያጠብቀው፦ በልኩ፣ «ትንሽ ልጨምርበት»፣ እና ቀጭ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተነቅሏል ማለት ነው። ሽማግሌው ሁለተኛው ላይ እንኳ አልደረሱም። በመጨረሻ የኬብሉን ልልነት አስተካከሉ። እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ መንቀሳቀስ አለበት። ከዚያ ከጠበቀ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደተጨበጠ ይኖርና ሸራው ሳያረጅ ያልቃል፤ ከላላ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም፣ ማርሹም እያጓራ ይገባል።

አስነሱት። ተሰብሳቢው አንገቱን አስረዘመ። ቅጭታ የለም። ሽማግሌው ጨበጡ፣ ለቀቁ፤ ልዩነት የለም። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ፣ ገና ከመጀመሪያው «ሸራ ነው» ሲል የነበረው፣ በዝምታው ደስ ሳይለው ጆሮውን ወደ ኋላ አዞረና «ማርሚታዋ ግን ይሰማኛል» አለ።

ለዚህ ዓይነቱ ሰው ጊዜው እየከፋበት ነው። ሆንዳ በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣት ሱፐር ከብ የምትባለው ትንሽ ሞተር የፍሪሲዮን እጀታ የላትም፤ ምግብ የሚያደርስ ልጅ በአንድ እጁ ትሪ ይዞ በሌላው እንዲነዳት ታስባ ስለተሠራች ፍሪሲዮኗ ከማርሹ ጋር በራሱ ይላቀቃል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተባለ ወዲህ የባትሪ ወሬ በዝቷል፤ በባትሪ የሚሄዱ ሞተሮችም በጎናችን ሽው ብለው ያልፋሉ። አብዛኞቹ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የላቸውም። ከእነሱ አንዱ መንገድ ላይ ሲበላሽ ምልዓተ ጉባኤው ምን ብሎ እንደሚወስን ለማየት ጓጉቻለሁ። እኔ እንደማውቃቸው ግን ከውሳኔያቸው ፍንክች አይሉም።

እስከዚያው ነዳጅ የምታጠጡ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የፍሪሲዮን ሽፋን ልታስፈቱ ከሆነ በሽፋኑና በኢንጂኑ መካከል የምትገባውን ጓርኒሲዮን ቀድማችሁ ግዙና ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። አሮጌዋ ስትላቀቅ ትቀደዳለች፤ ያለ እሷ ደግሞ ዘይቱ ሁሉ ጫማችሁ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም በፍጹም እንዳታስፈቱ፤ እሑድ ሱቁ ዝግ ነው።